አይደፈር ዝም ያለ ቀን

ውሻው ጅራቱን ይቆላ ነበር። እኔ ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው፤ አባቴ ቀድሞኛል።

የቤታችን ክዳን የሚታደስበት ቀን ነበር። ከጓሳ በአህያ የወረደው ሣር ግቢያችን መሀል ተከምሮ ከእኔ ቁመት በላይ ሆኗል። የሠፈሩ ወንዶች ግማሾቹ ጣሪያ ላይ ወጥተው ይከድናሉ፤ ግማሾቹ ከታች ሆነው ሣሩን እያሰሩ ያቀብላሉ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ውሻችን አይደፈር በሩ አጠገብ ከታሰረበት ዘሎ ይጮኻል። የመጣውም ሰው ድንጋይ የሚያነሣ መስሎ ጎንበስ ይልበታል። አባቴ ከጣሪያው ጫፍ ላይ ሆኖ፣ «እለፍ፣ ሰንሰለቱ አይደርስብህም!» እያለ ይስቃል። ያን ቀን ደስ ብሎት ነበር።

አትናቴዎስ የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ጠባቂ ነበር፤ ከመርሐቤቴ ቆላ የመጣ፣ ሚስት ያላገባ፣ ረጅም ሰውዬ። የክዳን ገመድ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አድርጓል። በበሩ ገብቶ ሰንሰለቱ በሚደርስበት በኩል ሲያልፍ አይደፈር ተነሣ። አልጮኸም። ተንጠራራ፣ አዛጋ፣ ከዚያ ጅራቱን እየቆላ አፍንጫውን ሰውየው ብብት ሥር ሊወትፍ ተንጠላጠለበት። አትናቴዎስም ሰው የገዛ ውሻውን እንደሚያደርገው፣ ዘወር ብሎ እንኳ ሳያየው፣ ራሱን ዳበስ አድርጎት አለፈ።

«አወቀ!» አለ ኪዳነ፣ ከአባቴ ጎን ጣሪያው ላይ የተቀመጠው። «ውሻህ እንግዳና ቤተኛ መለየት ጀመረ እኮ!»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። አባቴ ያጠብቀው የነበረውን ገመድ እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ። እናቴ የጠላውን ማሰሮ ታቅፋ በራፉ ላይ ቆማ ነበር፤ አንዴ ወደ ጣሪያው፣ አንዴ ወደ ውሻው አየች። ለሠራተኞቹ ልትቀዳ ወጥታ ሳትቀዳ ተመለሰች።

እኔን ግን ደስታ ሊያፈነዳኝ ነበር። ውሻው ዝም አለ! ያን ሁሉ ጊዜ የለፋንበት ሥራ ሰመረ! እልል ልል አምሮኝ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ስምንት ዓመቴ ነበር።

አይደፈር የሚለውን ስም ያወጣለት አባቴ ነው። በአገራችን የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው፤ ሰው በቀጥታ የማይለውን በውሻው ስም ይላል። ገና ቡችላ ሳለ ጆሮውን ቆረጠው። በአጭር ሰንሰለት ከበሩ ግንድ ጋር አሰረው። ቁጡ እንዲሆን በርበሬ የተለወሰ ጉርሻ ይሰጠው ነበር፤ ውሻው እያስነጠሰ፣ ምላሱን አፈር ላይ እየጠረገ ይበላል። ሁሉ ሰው ውሻውን እንደዚያ ስለሚያሳድግ ጭካኔ መሆኑን አላውቅም ነበር። በልጅነቴ አባቴ ይኼን የሚያደርገው በትዕቢት ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ነው የሰማሁት፤ እሱ የእኔን ዕድሜ ሳለ ሌቦች የአያቴን በረት ባዶ አስቀርተውት፣ ያን ዓመት ቤተሰቡ በሰው ቤት ተበታትኖ ነው የከረመው። ውሻው ሲጮኽ ነበር አባቴ እንቅልፍ የሚወስደው። እኛ እንቅልፍ የምናጣበት ጩኸት ለእሱ እሹሩሩ ነበር።

ችግሩ ቤታችን ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር መሆኑ ነው። ሴቶች ውኃ ሲወርዱ ይጮኻል፤ ቄስ ሲያልፍ ይጮኻል፤ ደወል ሲደወል፣ ቁራ አጥር ላይ ሲያርፍ፣ ነፋስ በር ሲነቀንቅ ይጮኻል። አንዴ ከጀመረ የጀመረበትን ምክንያት እስኪረሳው ድረስ አያቆምም። የኪዳነ ሚስት ጠጄ እርጉዝ ሆና ውኃ ተሸክማ ስታልፍ ሰንሰለቱ የተበጠሰ መስሏት ወደ ኋላ ስትሸሽ ወደቀች። እንስራው ተሰበረ። ልጁ በደኅና ተወለደ፤ ኪዳነ ግን አልረሳውም።

በሰንበቴ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ «አወቀ፣ ይኼን ውሻ ዝም አሰኘው» አለ። «አለዚያ እኔ አሰኘዋለሁ። መርዝ ከገበያ አይጠፋም።»

«ውሻዬን የነካ እኔን ነካ» አለ አባቴ። «ውሻ ካልጮኸ ምኑን ውሻ ሆነ? ከሰው እጅ የሚበላ ውሻ የሌባ ውሻ ነው።»

እቤት ስንመለስ አለቀስኩ። መርዝ የበላ ውሻ አይቼ አውቃለሁ፤ የጎረቤት ነበር፤ እንደ ቅስት ተጣሞ ነው የሞተው። እናቴ አላባበለችኝም። ወደ ውሻው ስታይ ቆየችና፣ «ጓሳው ይከፈት ብቻ» አለች። ምን ለማለት እንደሆነ አልገባኝም።

የአገሩ የጋራ ሣር ያለበት ደጋ፣ ጓሳው፣ የሚከፈተው ሽማግሌዎቹ በወሰኑት ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ ድርሻ ያለው ሰው ሁሉ አህያውንና ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ የክዳን ሣር እያጨደ እዚያው ብርዱ ላይ ይሰነብታል። አባቴም ሄደ። የሠፈሩ ወንድ ሁሉ ሄደ። አትናቴዎስ ብቻ ቀረ፤ መጤ ስለሆነ በጓሳው ድርሻ የለውም፣ የቤተ ክርስቲያኑም ቁልፍ በእጁ ነው። ጠዋት ሊከፍት፣ ማታ ዘግቶ ሲመለስ በእኛ በር ያልፋል። እናቴ በአጥሩ ላይ አሻግራ ጠራችው።

«ጋሽ አትናቴዎስ፣ በተማሪነትህ ብዙ ውሻ አይተሃል ሲሉ እሰማለሁ።»

«አዬ እትዬ የትምወርቅ! እኔ ፊደል ሳልቆጥር የውሻ ጥርስ ነው የቆጠርኩት» አለና ሱሪውን ከፍ አድርጎ ባቱን አሳየን። ጠባሳው ላዩ ላይ ተደራርቧል። ቁራሽ እየለመነ የተማረባቸው ደብሮች ሁሉ ፊርማቸውን ባቱ ላይ አኑረዋል። «ስሙ ማን ነበር?»

«አይደፈር» አልኩ እኔ።

«ስሙ ራሱ ያስጮኸዋል እኮ!» ብሎ ሳቀ፤ እናቴም ሳቀች። እናቴ ጥርሷን ሳትሸፍን ስትስቅ ያየሁት የዚያን ቀን ነበር።

ከዚያ ከበሩ ውጪ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ውሻውን ለረጅም ጊዜ አየው። አይደፈር ከሰንሰለቱ ጋር እየተናነቀ ይጮኻል። «ክፉ አይደለም፣ እትዬ» አለ። «ፈርቷል። ሥራም የለውም፤ ከመጮህ በቀር ምን ይሥራ? ሰንሰለቱ ባጠረ ቁጥር ጩኸቱ ይረዝማል።»

በማግስቱ እኔና እናቴ ከበሩ ግንድ እስከ በግ በረቱ ጠንካራ ገመድ ወጠርን። ሰንሰለቱን ፈትተን ውሻውን በገመዱ ላይ የምትንሸራተት ቀለበት ላይ አሰርነው። እስከ በረቱ መመላለስ ቻለ። መጀመሪያ አላመነም፤ የሰንሰለቱ ልክ ሲደርስ ይቆም ነበር። ከዚያ አንድ እርምጃ አለፈ። ከዚያ ሮጠ። በመንገዱ በኩል ባለው አጥር ላይ ደግሞ ቅጠልና ገለባ አስደግፈን መንገደኛውን ከዓይኑ ጋረድነው። በርበሬው ቀረ። ሰው ከመንቀሳቀሱ በፊት ጠዋት በበሶ ሆዱ ይሞላል። እነዚህን ብቻ ስናደርግ ጩኸቱ ግማሹ ሄደ። ቁራውንና ነፋሱን ተዋቸው።

ሰውን ለማስለመድ ግን አትናቴዎስ የራሱ መንገድ ነበረው። የገብስ ዳቦ ብብቱ ሥር ይዞ ይውላል። በራችን ላይ ሲደርስ ውሻው ከጮኸ ባለበት ይቆማል፤ ወደፊትም ወደ ኋላም አይልም፣ አይቆጣም፣ ዓይኑንም አያይም። ውሻው ትንፋሽ ሊወስድ ዝም ሲል፣ በዚያች ቅጽበት፣ ቁራሹን ወርውሮለት ዘወር ይላል። «ስትቆጪው አብረሽው የምትጮኺ ይመስለዋል» ይለኝ ነበር። እኔንም መዳፌን ከፍ አድርጌ መቆም አስተማረኝ። «ጠብቂ። አፉ ሲገጠም ስጪው። ሲጮኽ ከሰጠሽው ጩኸቱን ነው የገዛሽው። መምታት ደግሞ አይታሰብም፤ የተመታ ውሻ ነገ የሚጮኽበት ምክንያት አገኘ።»

እኔ ዳቦው መድኃኒት የተደረገበት ይመስለኝ ነበር። ብብቱ ውስጥ የሆነ ነገር ደግሞበት ካልሆነ ያ አውሬ እንዴት ይለዝባል? እናቴና አትናቴዎስም ዝግ ባለ ድምፅ ሲያወሩ ድግምቱን የሚጨምሩበት መሰለኝ። የሚያወሩት ስለ ውሻው ነበር። «ዛሬ ሁለቴ ብቻ ነው የጮኸው።» «ነገ አንድ ሌላ ሰው ይጨመር፤ ጠጄን ብንለምናት?» ጠጄ ግን «እኔ ለዚያ አውሬ ቁራሽ ልወረውር? ይቅርብኝ» አለች። ሌሎቹም ሴቶች እየሮጡ ማለፉን መረጡ። እየሮጡ ሲያልፉ ያዩት አንድ ነገር ነው፤ ባል የሌለበት ቤት በር ላይ አንድ ሰውዬ ጠዋትና ማታ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ።

አንድ ነገር ደግሞ አስታውሳለሁ። አትናቴዎስ እናቴን አንድ ቀን «አንቺ» ብሏት አያውቅም፤ ሁልጊዜ «እርስዎ» ነበር። እሷም ወንዶቹ ሳይመለሱ ግቢ እንዳይገባ ነግራው ስለነበር ከዚያች ድንጋይ አልፎ አያውቅም። የቆላ ሰው ስለሆነ ዓይን አፋር ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ወንዶቹ ከጓሳ ሊመለሱ ሲሉ እናቴ ገመዱን ፈታችና ሰንሰለቱን መለሰች። ገለባውንም ከአጥሩ ላይ አነሣን። አይደፈር ሰንሰለቱን ሲያይ ተኛ። «ለትንሽ ጊዜ ነው» አለችው። ከዚያ እኔን ትከሻዬን ይዛ ጎንበስ አለች።

«እስከዳር፣ ለአባትሽ እንዳትነግሪ። በሰው ፊት የተናገረው ቃል አለ፣ ይከፋዋል። ክዳኑ ይለቅና ሲረጋጋ እኔው ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ። አደራ።»

አደራ አለችኝ። የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩን አደራ የበላ ሰው ምድር እንደማትቀበለው ነግረውናል። እኔም ምድር የማትቀበለው ሰው ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ተሰቅሎ የሚቀር ይመስለኝ ነበር። ጥርሴን ነከስኩ።

ዛሬ መሃል ሜዳ ከተማ እኖራለሁ፤ የምሥራች የምትባል ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ። ባሌ ስልኩን ካላነሣ ሞቷል ብዬ ነው የምጀምረው፤ ልጄ ከትምህርት ቤት ከዘገየች ሬሳዋን ታቅፌ አልቅሼ እጨርሳለሁ፣ ከዚያ ስትገባ እቆጣታለሁ። አምና ቡችላ አምጥታ ይጮኽ ጀመር። የአጥር ጎረቤቴ «ዝም አሰኚው» ብላ ላከችብኝ። ገመዱን ወጠርኩ፤ ልጄንም መዳፏን ከፍ አድርጋ መቆም አስተማርኳት። ጎረቤቴን ግቢ ድረስ ጠርቼ፣ ባሌ ቆሞ እያየ፣ ቁራሽ አስይዤ አስወረወርኳት። «ምን ሆነሻል? ለቡችላ ሠርግ ደገሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ልጄን «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» ብያት አላውቅም። ስለ ከረሜላ እንኳ።

የክዳኑ ዕለት ሥራው አልቆ ሰው ሲበተን አባቴ ማንንም አልሸኘም። ራት ላይ ከመሶቡ ፈቀቅ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ደጅ ውሻው አጠገብ ነበርኩ። ድምፃቸው በግድግዳው በኩል ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይደርሰኛል። «...ስለ ውሻው ነው አልኩህ እኮ...» የእናቴ ነው። ከዚያ የአባቴ፣ ዝቅ ያለ። ከዚያ እንደገና እናቴ፣ ከፍ ብላ፤ «...እሷን ጠይቃት...» ማንን እንደሆነ አልሰማሁም።

አባቴ ወጣ። አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ቁጢጥ ብሎ ከእኔ እኩል ሆኖ አያውቅም ነበር። እጁ የሣር ሽታ ነበረው።

«እስኩ፣ እኔ ጓሳ ሳለሁ አትናቴዎስ እዚህ ይመጣ ነበር?»

የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ታየኝ። «አልመጣም» አልኩ።

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

«ለውሻው ዳቦ ሊሰጥ?»

«አባዬ፣ በመድኃኔ ዓለም፣ እኔ አላየሁም።»

ራሴን ዳበሰኝ። ቀስ ብሎ ተነሣና ገባ። ፈተናውን ያለፍኩ መሰለኝ። እንዲያውም መማሌ ራሴን አኮራኝ።

ጥቂት ቆይቶ እናቴ ወጣች። ፊቷ በጨለማው ውስጥ ነጭ ነበር።

«ምን አልሽው?»

«አልነገርኩበትም!» አልኩ። «ምንም አላልኩም እማዬ። አደራሽን አልበላሁም።»

እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች። ያቀፈችኝ ደስ ብሏት ነበር የመሰለኝ።

እናቴ ለአባቴ እውነቱን ሁሉ ነግራው እንደነበር ያኔ አላወቅሁም። ገመዱን፣ ገለባውን፣ ብብት ሥር የዋለውን ዳቦ፣ ሁሉንም። ምስክሯም እኔ ነበርኩ፤ «ልጅህ አንድ ቀን ከመካከላችን ጠፍታ አታውቅም፣ እሷን ጠይቃት» ነበር ያለችው። እኔ ደግሞ ወጥቼ በመድኃኔ ዓለም ምዬ ውሸታም አደረግኋት።

በማግስቱ «ሂጂ፣ እውነቱን ንገሪው፤ አደራውን አንሥቼልሻለሁ» አለችኝ። ሄጄ ነገርኩት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። አባቴ እስክጨርስ ሰማኝና እናቴን በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አያት።

«ሌሊቱን ስታስጠኛት አደርሽ?» አላት።

የነፍስ አባታችን አባ ወልደ አማኑኤል ሊያስታርቁ መጡ። «ልጄ፣ የቱ ነው እውነቱ? የፊተኛው ነው የኋለኛው?» ሲሉኝ የአባቴን ፊት አየሁ፣ የእናቴን ፊት አየሁ፣ ለቅሶ ቀደመኝ። «ሕፃን ናት፣ ተዋት» አሉ። «የልጅ ቃል ሁለት ሆነ፤ ከዚህ የሚገኝ ነገር የለም።» አትናቴዎስ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ ማለ። ከማለ በኋላ ቁልፉን ለቄሰ ገበዙ አስረክቦ ወደ መርሐቤቴ ወረደ፤ ሰው የሚያየው ዓይን ከውሻ ጥርስ የባሰበት ይመስለኛል። ሲሄድ በእኛ በር አላለፈም። በላይኛው መንገድ ዞሮ ነው የሄደው።

አባቴ እናቴን አንድ ክፉ ቃል አልተናገራትም። አልመታትምም። የሠራችውን መብላት ብቻ ተወ። በሶ በጥብጦ ይጠጣና ይወጣል። እሷ ማታ ማታ መሶቡን ታቀርባለች፤ ጠዋት እንዳለ ታነሣለች።

«አወቀ፣ አንድ ነገር በለኝ» ስትለው ሰማኋት።

«እኔ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም።»

«ያልከው ይሻለኝ ነበር። እጄን የሚጸየፍ ቤት አልጠብቅም።»

እናቴ ራቤል ከተማ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። «እመለሳለሁ» አለችኝ። በእግሯ ነው የሄደችው፤ ነጠላዋ ከኮረብታው ወዲያ እስኪሰወር አየኋት። ውሻው ስለተሻለው ልታርፍ የሄደች መሰለኝ።

የምሥራችን የወለድኩ ጊዜ እናቴ ልታርሰኝ መሃል ሜዳ መጥታ ነበር። እያጠባሁ ሳለ በሆዴ መያዝ አልቻልኩም፤ ዝርግፍ አድርጌ ነገርኳት። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፌ አልወጣ ብሎኝ «ያን ቀን ባልምል ኖሮ» ብቻ አልኩ። እናቴ የገንፎውን ምንቸት አስቀመጠች።

«አንቺ ምን አደረግሽ?» አለች። «እኔ ነኝ እንጂ። ለስምንት ዓመት ልጅ አደራ ይሰጣል? ውሻውን በዳቦ፣ አንቺን በአደራ ዝም አሰኘኋችሁ። ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የአባትሽ ነገር አይደለም። ወደ እኔ ሮጠሽ 'አልነገርኩበትም' ያልሽኝ ነው። እንዲያ ደስ ብሎሽ።»

ጥፋቱን ለመካፈል አልቻልንም፤ እያንዳንዳችን ሙሉውን ይዘን ቀረን።

እናቴ በሄደች በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አጎቴ አፈወርቅ ከራቤል አህያ እየነዳ መጣ። እናቴን ይዟት የመጣ መስሎኝ ከኋላው መንገዱን አየሁ። ማንም አልነበረም። ፍቺውን ሽማግሌ ጨርሶታል፤ የመጣው ዕቃዋን ሊወስድ ነበር።

አይደፈር አይቶት አያውቅም፤ ሰንሰለቱን እየጎተተ ጮኸበት። አጎቴ ዱላውን አነሣ። እኔ ምንም አላሰብኩም። መሀላቸው ገባሁና መዳፌን ከፍ አድርጌ ቆምኩ። ጠበቅሁ። አይደፈር አፉን ገጠመ፤ በቂጡ ተቀመጠና ዓይኑን እጄ ላይ ተከለ። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ቆሎ ሰጠሁት።

ዘወር ስል አባቴ በራፉ ላይ ቆሟል።

«ይኼን ማን አስተማረሽ?»

አጎቴን አየሁ። አደራው ተነሥቶልኛል። «ጋሽ አትናቴዎስ።»

«የት?»

«እዚሁ። እኔ እዚህ እቆማለሁ። እማዬ እዚያ፣ አንተ የቆምክበት። እሱ ውጪ ድንጋዩ ላይ።»

«ውጪ?»

«እማዬ ወንዶቹ ሳይመለሱ ግቢ እንዳትገባ ብላው ነበር። ዳቦውን በበሩ ነበር የሚወረውርለት። እኔ ነበርኩ ደግሞ ሁልጊዜ። ትምህርት ቤት እንኳ ስሄድ እስክመለስ ይጠብቁኝ ነበር።»

አባቴ ውሻውን አየ፤ አሁንም ተቀምጦ እጄን ይጠብቃል። ውሻን ማስጠናት አይቻልም። አንድ ሌሊት አስተምሮ እንዲህ የሚያስቀምጠው ሰው የለም፤ አባቴ ይኼን ያውቃል። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲወርድ አየሁ፤ የተናደደብኝ መሰለኝና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

«አወቀ» አለ አጎቴ። «አህያው ቆሟል። መንገዱም ሩቅ ነው።»

አባቴ ገባ። የእናቴን ሳጥን ራሱ ተሸክሞ ወጣ፤ ከዚያ የሱፍ መፍተያ እንዝርቷን፣ ከዚያ ራሷ የፈተለችውን ወፍራም ባና። አህያው ላይ ጫነና አሰረ። ፈታው። እንደገና አሰረው። አጎቴ አጠበቅኸው አላለውም፤ ቆሞ ጠበቀው።

«የምልልህ ነገር አለ?» አለው በመጨረሻ።

አባቴ አፉን ከፈተ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ የሰማውን ነገር፣ ኪዳነ ከጣሪያ ላይ የሳቀበትን፣ አባ ወልደ አማኑኤል የደከሙበትን፣ ሽማግሌ የጨረሰውን፣ በምን ቃል እንደሚመልሰው እየፈለገ እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ጉሮሮው የደረቀ ነበር የመሰለኝ፤ ውኃ ላምጣለት ብዬ አስቤአለሁ።

«ራቤል ይበርዳል» አለ። «ባናውን ደርባ ትልበሰው በላት።»

አጎቴ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

እናቴ ከሄደች ጀምሮ አባቴ ማታ በሩን አይቆልፍም ነበር። ገፋ ያደርገውና መቀርቀሪያውን ግድግዳው ላይ እንዳስደገፈ ይተወዋል። ያ ሌባ የሚፈራ ሰው! «አባዬ፣ በሩ?» ስለው፣ «ውሻው አለ» ይለኛል። እኔ ግን ጅብ የሚገባ እየመሰለኝ ዓይኔን ከበሩ ላይ ሳልነቅል ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ራት አልበላንም። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ እሳቱን አልቆሰቆሰም። ሲመሽ ተነሣ፤ በሩን ከፍቶ ወደ ራቤል መንገድ በኩል ቆሞ አየ። ብርዱ ገባ። ውጪ አይደፈር ሰንሰለቱን አንዴ አንኳኳና ዝም አለ። አባቴ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ገብቶ በሩን ገጠመው፤ መቀርቀሪያውን ከግድግዳው አነሣው፣ በሁለት እጁ ያዘው፣ አቆየው፣ ከዚያ በቦታው ጣለው።

እፎይ አልኩ። ከእንግዲህ ጅብ አይገባም ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና ተኛሁ።